ማሽኑን እንዳትሸጥ፣ አልከሰርንም!

— ሄሎ? ... ሄሎ! ማን ልበል? ... ማን? ... ኧረ አይሰማም፣ ከኋላህ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው አለ እንዴ? ... ሽቦ! አንተ ነህ? ... አንተ ልጅ! የማን ስልክ ነው ይሄ? ... የሹፌሩ? የምን ሹፌር?

— (ወንድሜ ነው! እሱ ነው! እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ፣ በሞቴ!)

— የት ገባህ አንተ? ከትናንት ጀምሮ ስልክህ ዝግ ነው፤ እኔ እህትህ እዚህ ነፍሴ በአፍንጫዬ ልትወጣ ነው። ... አልተቆጣሁም። ... አልተቆጣሁም አልኩህ! ይሄ የደስታ ጩኸት ነው! የምነግርህ ጉድ አለ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል። ... ምን? ... ፍሬሞቹ? የቶቹ ፍሬሞች? ... እህ፣ የጥልፍ ማሽኑ፣ ጨርቁን የሚወጥሩት። እነሱማ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ካርቶኑ ውስጥ ናቸው። ምን ልታደርጋቸው? ...

— ምን አልክ?

— እስቲ ድገመው። ... "ያለ ፍሬሞቹ አልገዛም" አለ? ማነው የማይገዛው? ... ወይኔ ጉዴ! ማሽኑን ልትሸጥ ነው የወሰድከው? እኔኮ ቦታው ባዶ ሆኖ ሳየው ለጥገና የላክኸው መስሎኝ ነበር! ...

— ገንዘብ ተቀብለሃል? ... እየቆጠረ ነው? (እየቆጠረ ነው ይላል፣ ጉድ ፈላ!) በል እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ... አዎ፣ ሁለቱንም! ... ስልኩንማ በትከሻህ ደግፈው፣ ምን አውቅልሃለሁ! አንዲት ሳንቲም እንዳትነካ ብቻ።

— ለምን ይለኛል ደግሞ! አልከሰርንማ! ... አልከሰርንም! ... አል! ከሰር! ንም! ... ኧረ ምንም አልጠጣሁም፣ ውሃ እንኳ በጉሮሮዬ አልወረደም ዛሬ።

— አዎ፣ በሩ ላይ የለጠፍከውን አይቼዋለሁ። መንገደኛው ሁሉ አይቶታል። "ከስረናል፤ ያበደራችሁን ሁሉ ይቅርታ አድርጉልን።" ... አምሮበታል፣ ምን ይወጣለታል! በተለይ ይቅርታዋን በቀይ መጻፍህ። ሰው ሲቸገር ይደብቃል፣ አንተ በር ላይ ትሰቅላለህ! ያንተ ሐቀኝነት እኮ አንድ ቀን ይገድለናል። ... ምን ሆነ መሰለህ? ጠዋት መጥቼ ልከፍት ስል በሩ ላይ ሰልፍ ቆሟል። ... ያበደሩን ናቸዋ! የቤቱ ባለቤት፣ እማማ አዝራር፣ የጨርቅ ነጋዴው ... ነጋዴው ደግሞ ብቻቸውን መሰሉህ? ጠበቃ አስከትለው ነው የመጡት። ... ጠበቃ! ቆሌዬ ተገፈፈ። ልጅ እግር ናት፣ ያንተ እኩያ ብትሆን ነው፤ ቦርሳዋ ግን የኛን ሱቅ ያህላል። (ይቅርታ እህት ዓለም፣ ቦርሳሽን በክፉ አላነሳሁትም።)

— አዎ፣ ከቤቱ ባለቤት በቀር አሁንም እዚሁ ናቸው። ... የት ይቀመጣሉ፣ ወንበር አለን? የጨርቅ ጥቅል ላይ ነው የተቀመጡት። ነጋዴው እንኳ ያልከፈልናቸውን የገዛ ጨርቃቸውን ነው የተቀመጡበት። (ጋሼ፣ ተመችቶዎታል? ... ጥሩ።)

— ቆይ ልንገርህ፣ አታቋርጠኝ። ጋሼ ገና ሲገቡ "ፍርድ ቤት አቅርቤ መክሰራቸውን አሳውጃለሁ፤ ያላቸው ተሽጦ ገንዘቤን አነሳለሁ" ብለው ጮኹ። ይሄኔ ጠበቃዋ ዞር ዞር ብላ አየችና "ለመሆኑ ምን አላችሁ?" አለችኝ። ምን ልላት ነው? ሸሚዞቹን አሳየኋት። ... ሁሉንም! እስከ ጣሪያው የተደረደረውን፣ ሹራቡን፣ ቀሚሱን፣ ሱሪውን። "የማን ነው?" አለች። የትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም ነው፣ ተሰፍቶ አልቋል፣ ደረቱ ላይ ዓርማ መጥለፍ ብቻ ነው የቀረው፣ እንዳስረከብን ይከፍሉናል አልኳት። ውሉን አወጣሁላት። እዚያው ጥቅሉ ላይ ቁጭ ብላ ደመረች፣ ቀነሰች፣ እስኪርቢቶዋን ነከሰች ... ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረችና "እነዚህ ሰዎች አልከሰሩም" አለቻቸው። ... የራሳቸው ጠበቃ! ከፍለው ያመጧት! ጋሼ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። (መሰለ እንጂ ጋሼ! ምን ያስክድዎታል?)

— እሱን እኮ ነው የምልህ! ዕዳችንን መክፈል አቃተን ማለት ሌላ፣ ከሰርን ማለት ሌላ! ... አንድ አይደለም። እኔም እስከ ዛሬ አንድ ይመስለኝ ነበር። ስማ፣ ትኩሳት ያዘህ እንበል። ... እንበል ነው ያልኩህ፣ ምን ያስደነግጥሃል! ትኩሳት ያዘህ ማለት ሆስፒታል ተኛህ ማለት ነው? ... እህ። ትኩሳቱን እቤትህ ልታበርደው ትችላለህ። ሆስፒታል ለመተኛት ግን ሐኪም አይቶህ፣ ወረቀት ጽፎልህ፣ አልጋ ተይዞልህ ነው። ይሄም እንደዚያው ነው። የመክፈያው ቀን ደርሶ ሳጥንህ ባዶ ሲሆን፣ ትኩሳቱ እሱ ነው። ከሰረ የሚባለው ፍርድ ቤት ጉዳይህን ሰምቶ፣ ዳኛ "ይህ ሰው ከስሯል" ብሎ ሲወስን ነው። ከዚያ ወዲያ በንብረትህ አንተ አታዝበትም፤ ሌላ ሰው ይሾምበትና ይረከበዋል፣ ይሸጠዋል፣ ላበደሩህ ያካፍለዋል። ... እኮ! እኛን ታዲያ የትኛው ዳኛ አየን? ዳኛው አንተ ነህ! ራስህ ከሰስክ፣ ራስህ ፈረድክ፣ ፍርዱን ደግሞ ራስህ በሙጫ ለጠፍከው!

— (ምን? ... እሺ፣ እሺ።) ቆይ፣ ጠበቃዋ እጇን እያወዛወዘች ነው፣ አንድ ነገር ተሳስቻለሁ መሰለኝ። (በይ አርሚኝ። ... እ? ... እሺ።) መክሰርም ሞት አይደለም በይው ትላለች። ሆስፒታል የገባ ሁሉ አይሞትም አይደል? ጨርሶ የጨነቀው ሰው በፍርድ ቤት መክሰሩ ይታወጅና፣ ዕዳው በሕግ መልክ ይዞ፣ ቆይቶ እንደገና ሥራ ይጀምራል። ነውር አይደለም ትላለች። ብቻ እኛ እዚያ አልደረስንም ነው ነገሩ!

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? ... ኧረ ያንን ብረት አቁሙ በላቸው!

— ደግሞ ትኩሳቱም ሁለት ዓይነት ነው። ... አልጨረስኩም እኮ፣ ምን ያጣድፍሃል? አንደኛው ያለህ ነገር ከዕዳህ ይበልጣል፣ ግን ዛሬ በእጅህ ጥሬ ገንዘብ የለም። ሁለተኛው ... ያለህን ሁሉ፣ ማሽኑን፣ መቀሱን፣ የለበስከውን ጭምር ብትሸጥ ዕዳህን አይሞላም። የከፋው እሱ ነው። እኛ የትኛው ነን? ... ተሳሳትክ! የመጀመሪያው ነን! ቆጥረነዋል፣ አራት ሰው ሆነን ነው የቆጠርነው። ትምህርት ቤቶቹ የሚከፍሉን ዕዳውን ሁሉ ከፍሎ ይተርፋል! ... እውነቴን ነው። ... በእናታችን! ... ዝም ብለህ ታምነኛለህ ወይስ እንባዬን በስልክ ልላክልህ?

— አሁን አንተ ንገረኝ። ማሽኑን ከሸጥክ ዓርማውን ማን ይጠልፋል? ... እህ። ዓርማ ከሌለ ሸሚዙን ማን ይረከበናል? ... እኮ። ያን ጊዜ ተራ ነጭ ሸሚዝ ይሆንና በረንዳ ላይ በርካሽ ስንቸረችረው እንውላለን። ያኔ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ተሻገርን ማለት ነው። ገና ላልመጣ መርዶ ነው ማሽኑን ይዘህ የሄድከው።

— ሄሎ? ... ገንዘቡን ለምን ፈለግከው? ... ለማን? ... ለእማማ አዝራር? ገንዘቡን ለሳቸው ልትሰጥ ነበር? ...

— እኔን! ሽቦዬ፣ አንጀቴን በላኸው። ... አውቃለሁ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያለ መያዣ፣ ያለ ፊርማ አዝራሩን የሰጡን እሳቸው ናቸው፣ አውቃለሁ። ሌላው ቢቀር እሳቸው አይቅሩ ብለህ ነው። ... ቆይ፣ ልጠይቅልህ። (እህት ዓለም፣ ወንድሜ ማሽኑን ሸጦ ለእማማ ብቻ ሊከፍል ነበር። እንዲህ ይቻላል? ... ለብቻቸው፣ ሌላው ሳያይ ... እህ ... ኧረ! ... ከእማማ እጅ?) ሽቦ፣ አትሞክረው! መክፈል ያቃተህ ሰው ሆነህ ወዳጅህን ለይተህ ደብቀህ ብትከፍል፣ ነገሩ ኋላ ፍርድ ቤት ቢደርስ ያንን ገንዘብ ከእማማ ላይ ሊያስመልሱት ይችላሉ። ... አዎ፣ ከእማማ! ደግ ሠራሁላቸው ብለህ በስተርጅና ፍርድ ቤት ልታመላልሳቸው! ... ከየት ታውቃለህ፣ እኔስ አሁን አይደል የሰማሁት።

— (እማማ፣ ሰሙት ይሄን ልጅ? ... ኪ ኪ ኪ!) ምን ይላሉ መሰለህ? "እኔ አዝራር ሸጥኩ እንጂ ማሽናችሁን ልዋጥ አልኩ?" ይላሉ። ይስቃሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ደግሞ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

— በል ስምምነቱን ስማ። ልብሱን አስረክበን እስኪከፈለን ሁሉም ይጠብቁናል። ማንም ማንንም አይቀድምም፣ ገንዘቡ ሲመጣ ለሁሉም በየድርሻቸው ነው። የቤቱ ባለቤት ፈርመው ሄደዋል፣ እማማም ፈርመዋል። የቀሩት ጋሼ ናቸው። ... ጠበቃዋማ ነገረቻቸው። "መክሰራቸውን ቢያሳውጁ ለዳኝነቱም ለሻጩም ለሁሉም ወጪ ሄዶ፣ ከሌሎቹ ጋር ተካፍለው፣ ከገንዘብዎ ቁራጩ ቢደርስዎ ነው፤ ቢጠብቁ ግን ሙሉውን ያገኛሉ" አለቻቸው። ገብቷቸዋል። ግን "ማሽኑን በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም" ይላሉ። እኔ ደግሞ ጥገና ነው ብያቸው ነበር። አሁን ሁሉንም ሰምተዋል ... (ጋሼ! ወዴት ነው? ይቀመጡ እንጂ! ጋሼ፣ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ፣ ማሽኑ ይመለሳል!)

— ሽቦ፣ ሰውዬው ተነሱ! በሩ ጋ ደርሰዋል! ገዢውን አገናኘኝ። ... ምን ትለዋለህ? ስልኩን ስጠው በቃ! ...

— ሄሎ፣ ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። የልጁ እህት ነኝ። ... ደህና፣ እግዜር ይመስገን። ... አዎ፣ የጥልፍ ማሽኑ። ግሩም ማሽን ነው፣ ልክ ብለዋል፣ ክር እንኳ አይበጥስም። ... ለዚሁ ነው የማንሸጠው። ... አልሸጥንም ጌታዬ። ... እሱ አዎ ብሎዎታል፣ እኔ ግን አላልኩም። ማሽኑ የሁለታችን ነው፣ ግማሹ የእኔ ነው። ... የትኛው ግማሽ? መርፌው ያለበት ነዋ! ... ኧረ ይሳቁ፣ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ሳለቅስና ስስቅ ነው የዋልኩት። ... እውነትዎን ነው፣ ጊዜዎን አባክነንብዎታል፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ... ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ልጆች አሉዎት? ... ሁለቱንም ያሳድግልዎ! ተማሪዎች ናቸው? ... የት ነው የሚማሩት? ... የት? ... ከድልድዩ ማዶ ያለው፣ ሹራባቸው ሰማያዊ? (ጋሼ፣ ኧረ ይስሙ!) ጌታዬ፣ የልጆችዎ ሹራብ እዚህ ፊት ለፊቴ ነው ያለው! ... እውነቴን ነው! ዓርማ ነው የሚጠብቀው። ማሽኑን ከገዙን የራስዎ ልጆች ናቸው ደረታቸው ባዶ ሆኖ ከትምህርት ቤት በር የሚመለሱት! ... እ? ... እ? ... እግዜር ይስጥልኝ! ዕድሜ ይስጥዎት! የሁለቱንም እኔ ራሴ በእጄ ነው የምሠራላቸው። ... አሜን! አሜን! በሉ ወንድሜን ይስጡኝ።

— ሽቦ? ... ገንዘቡን መልሶ ከተተው? ... ተመስገን! ነፍሴ መለስ አለች። (አልተሸጠም! ማሽኑ አልተሸጠም! ጋሼ፣ ይግቡ፣ ብርድ ነው በሩ ላይ!) በል ማሽኑን ይዘህ ና! ... ምን አልክ? ... አልመጣም? ...

— ሽቦ። ... አታልቅስ። ሹፌሩ ያይሃል። ... እንዴት ብለህ ዓይናቸውን ታያለህ? እስከ ዛሬ እንዳየኸው ነዋ። ... ስማኝ። ሽቦ ያልንህ ስለቀጠንክ ነው እንጂ በየምክንያቱ እንድትጣመም አይደለም። ትምህርት ቤቶቹ አዘገዩን፣ የክፍያው ቀን ቀደመን፣ የሆነው ይሄ ብቻ ነው። ሰው አልዘረፍክም። አላጭበረበርክም። ዛሬ የሌለን ገንዘብ እንጂ ሰውነትህ አይደለም። ... እኔ ባንተ አፍሬ አላውቅም። ደብቀኸኝ ማሽኑን ስለጫንክ ጆሮህን እቆነጥጥሃለሁ፣ ማፈር ግን ... ኧረ እኔንም ልታስለቅሰኝ ነው! ደስታዬን አታበላሽብኝ!

— ጋሼ ካንተ አፍ መስማት ይፈልጋሉ። ድምፁን ለሁሉም ልክፈተው። ... አትፍራ፣ አይበሉህም። (ጸጥ በሉ፣ እሱ ነው።) በል ተናገር። ... ጮክ በል፣ እማማ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል። ... ... ...

— (ሰማችሁት? "ዛሬ መክፈል አልቻልንም፤ ልብሱን አስረክበን ግን እንከፍላለን" አለ። ... እማማ፣ እልል ካሉ ስልኩ አይሰማም! ... ጋሼ፣ እርስዎስ? ... እ? ... እሺ።) ማሽኑ እዚህ ሲወርድ እፈርማለሁ ይላሉ። አንተም አጠገባቸው ቆመህ ልትፈርም ነው። ... ጥሩ ነው እንጂ! ከዚህ በላይ ምን ይሉሃል? በል ቶሎ ና!

— አሁን ደግሞ ምንድን ነው? ... ሹፌሩ? ... ለመመለሻ ሌላ ክፍያ አለ? ... ክፈለዋ! ... ለመሄጃውም አልከፈልከውም? ... ማሽኑን ሸጬ እከፍልሃለሁ ብለህ ነው የጫንከው? ወይ አንተ! ... እኔ ጋማ ምን ይኖራል? ቆይ መሳቢያውን ልየው። ... ክር። ... ጠመኔ። ... አንድ የኮት አዝራር። ... አየህ፣ ትኩሳቱ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ!

— ለምነው! ነገ እንከፍልሃለን በለው! ... ሳልነሳ በፊት እጄ ላይ ገንዘብ ልይ፣ አለዚያ ማሽኑን አወርዳለሁ አለ? ... እንዴት ያወርደዋል? መንገድ ላይ? ሽቦ፣ ማሽኑ መንገድ ላይ አይወርድም! ሰውዬው ደግሞ እዚህ ...

— (አቤት ጋሼ? ... ማን? ... እርስዎ? ... ኧረ ጋሼ! ... ኧረ እኔ ልሙት ይድገሙት!)

— ሽቦ! ሽቦዬ! ምን እንዳሉ ልንገርህ? "ሹፌሩ እዚህ ድረስ ይምጣ፣ የመሄጃውንም የመመለሻውንም እኔ እከፍለዋለሁ፤ ዕዳችሁ ላይ ደምሩት" አሉ! ... ጋሼ! የጨርቅ ነጋዴው! ከጠዋት ጀምሮ ፍርድ ቤት፣ ፍርድ ቤት ሲሉብኝ የዋሉት ሰውዬ! ... ቦርሳቸውን አውጥተው ይዘዋል፣ በዓይኔ እያየሁ ነው። ... ምን ያስለቅስሃል አንተ፣ ዕዳ ጨመረብን ብለህ ነው? አልገባህም? አበደሩን እኮ! እንደገና አበደሩን! ለከሰረ ሰው ማን ያበድራል? ... በሉ ሞተሩን አስነሱ! ... ሰማሁት! ሰማሁት! ና!